ወደ ቾንግፒዮንግ ገዳም ያደረግነው ጕዞ

ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳና ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን መምህሮቻችን ደጋግመው ነግረውናል። እግር የደረሰበትን ዓይን ያያል፤ ዓይን ያየውንም ልብ ይመዝነዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከተራራ ጋር የቆየ ዝምድና አለን። ብዙዎቹ ገዳሞቻችን የተመሠረቱት ከተራራ ላይ ነው፤ አባቶቻችንም የጸለዩትና የተዋጉት በተራራ ተጠግተው ነው። ስለዚህ በሩቅ ምሥራቅ፥ በኮሪያ አገር፥ ከጓደኞቼ ጋር ስለ ወጣሁት አንድ ተራራና በእርሱም ላይ ስላለው ጥንታዊ የቡድሃ ገዳም ጥቂት ባጫውታችሁ፥ ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ጊዜያችሁን በከንቱ ያባከንኩባችሁ አይመስለኝም።

ታላቅ ወንድሜ ቹንቾን በምትባል የኮሪያ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ እርሱ ዘንድ ሄጄ ስድስት ሳምንት ያህል እንድቆይ ወላጆቼ ፈቀዱልኝ። ከመሄዴ በፊት ግን ሁለት አደራ ተቀበልኩ።

የመጀመሪያው አደራ የአያቴ ነው። አያቴ ወደ ኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ወታደሮች አንዱ ናቸው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ በ1943 ዓ.ም. ወደዚያ አገር እንደ ሄደ ሁላችሁም በታሪክ ተምራችኋል። በየተራው ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች መካከል ከ120 የሚበልጡት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። አያቴ ዛሬ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት አልፏል፤ ዓይናቸውም ብርሃን ካጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ልሰናበታቸው በገባሁ ጊዜ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፥ እኔ ያየሁት የኮሪያ ተራራ ራቁቱን የቆመ ነው። ዛፉን መድፍ አቃጠለው፤ ከመድፍ የተረፈውን ደግሞ ብርድ የጠናበት ገበሬ ለማገዶ ቈረጠው። ዝናብ በዘነበ ቍጥር ከምሽጋችን በላይ ያለው አፈር እየተናደ ይወርድብን ነበር። አሁን ያ ሁሉ ደን ሆኗል ይሉኛል። እኔ ወሬ አልፈልግም። ሄደህ በእጅህ ዳስሰህ ንገረኝ።»

ሁለተኛው አደራ የእናቴ ነው። «ፍልሰታ እዚያው ይገባብሃል፤ ጾምህን እንዳትፈታ። ያገሩ ሰው የሚያመልከው የራሱ አለው፤ አክብረው፤ አንተ ግን ከጣዖት ፊት እንዳትሰግድ» አለችኝ። እንግዲህ አንዱ ስለ ዛፍ፥ አንዱ ስለ ሃይማኖት፥ ሁለት አደራ ተሸክሜ ሄድኩ። ሁለቱም በአንድ ቀንና በአንድ ተራራ ላይ እንደሚገናኙ በዚያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር።

ቹንቾን ዙሪያዋን በተራራና በሐይቅ የተከበበች ውብ ከተማ ናት። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ደግሞ ባዕድ አትመስለውም። በውሃው ዳር ለዘማቾቻችን የቆመ ሐውልት አለ፤ እርሱም በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያን በጐበኙ ጊዜ የተመረቀ ነው። ከፊት ለፊቱ በእኛ ጎጆ ቤት አምሳል የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ ይገኛል። ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ የኖረ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። ከአዲስ አበባ ዘጠኝ ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የአገሩን ስም ከበር ላይ ያነበበ ልጅ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። (ከዚህ በኋላ ስለ ኮሪያ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።)

በዚያች ከተማ ሦስት ጓደኞች አፈራሁ። አንደኛው እንደ እኔ የዘማች የልጅ ልጅ የሆነ፥ ቋንቋውን ለመማር የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ይህ ልጅ በሄደበት ሁሉ በፔርሙዝ ቡና ይዞ ስለሚዞር «ቡናው» ብለን እንጠራው ነበር። ሁለቱ ያገሩ ተወላጆች ናቸው። አንዱ ተረት ወዳድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ታሪክ አያጣለትም። ሌላው ቁመተ ረጅም፥ ንግግሩ ጥቂት፥ 20 ዓመት የሞላው ወጣት ነው። በአገራቸው ሕግ ጤናማ ወንድ ሁሉ ወታደር ሆኖ ማገልገል ግዴታው ነው፤ በምድር ጦር የሚያገለግል 18 ወር ይቆያል። ረጅሙ ጓደኛችን ወደ ጦር ሰፈር የሚገባበት ቀን ከሦስት ሳምንት በታች ቀርቶት ነበር። «ከመግባቴ በፊት ኦቦንግ ተራራ ላይ መውጣት አለብኝ፤ እናቴም ከገዳሙ ገብቼ እንድጸልይ ትፈልጋለች» ስላለን አብረነው ለመሄድ ተስማማን።

ነሐሴ 3 ቀን ማለዳ ተነሣን። ነሐሴ ሲባል እኛ አገር ብርድና ጭቃ ነው፤ በኮሪያ ግን ዋናው የዝናብ ወራት ሐምሌ ሲያልቅ ስለሚያበቃ ነሐሴ የሙቀት ጊዜ ነው። ፀሐይ ገና ሳትጠነክር ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ለማለፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በአውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ሶያንግ ግድብ ሄድን። ይህ ግድብ በ1973 የተፈጸመ ሲሆን፥ ከድንጋይና ከአፈር የተከመረ፥ 123 ሜትር ከፍታና 530 ሜትር ርዝመት ያለው ነው። ሰው ቆሞ ሲያየው ተራራ በሰው እጅ የተሠራ ይመስለዋል። ከግድቡ በስተ ጀርባ የተኛው ሐይቅ በሸለቆዎቹ መካከል እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይሄዳል።

ወደ ገዳሙ የሚወስደውን ጀልባ ተሳፍረን አሥር ደቂቃ ያህል ከተጓዝን በኋላ ከማዶው ወረድን። ረጅሙ ጓደኛችን ባለ ጀልባውን አነጋገረና «የመጨረሻዋ ጀልባ ማምሻውን ትነሣለች፤ እርሷ ካመለጠችን ተራራውን ዞረን በእግር መሄድ ነው» ብሎ አስጠነቀቀን። ስለዚህ ሰዓታችንን እያየን መንገድ ጀመርን።

ከወንዙ ዳር መንገደኛ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። ከአንዱ ደጅ የተቀቀለ በቆሎ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ተቀምጣ አገኘን። ያገሩ ልጆች «ሃልሞኒ» ብለው ሰላምታ ሰጧት፤ አያቴ ማለት ነው። እነርሱ በቆሎ ገዝተው ሲበሉ እኔና ቡናው ዝም ብለን ስንቀመጥ አይታ «እነዚህ ምን ሆኑ? አይበሉም?» ብላ ጠየቀች። ረጅሙ ጓደኛችን ጾም መሆናችንንና እህል የምንቀምሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ መሆኑን አስረዳት። ሥጋና ወተት፥ እንቁላልም እንደማንበላ በነገራት ጊዜ ሳቀችና «እንግዲያው ከተራራው መነኮሳት ጋር አንድ ማዕድ ናችሁ!» አለች። እውነቷን ነው፤ የዚያ አገር መነኮሳት በገዳም ሥጋ አይበሉም፤ ምግባቸው ሩዝና የተራራ ቅጠላ ቅጠል ነው።

ቀጥላም ከየት እንደ መጣን ጠየቀች። ኢትዮጵያ መሆኑንና የሁለታችንም አያቶች በጦርነቱ ጊዜ በዚያ አገር መዝመታቸውን ስትሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። እኔም ጊዜው ተመቸኝና የአያቴን ጥያቄ አቀረብኩላት። «እውነት እነዚህ ተራሮች ያን ጊዜ ዛፍ አልነበራቸውም?» አልኳት።

የመለሰችልኝን ጓደኛዬ እየተረጐመ እንደ ነገረኝ እጽፈዋለሁ። «አያትህ አልዋሹም። እኔ ሕፃን ሳለሁ ይህ ተራራ እንደ ተላጨ ራስ ነበር። ቤታችን የሚሞቀው ከወለሉ በታች እሳት ነድዶ ነው፤ ክረምታችን ደግሞ በረዶ ነው። ታዲያ ምን እናነድድ? ቅርንጫፉን ጨረስን፤ ቅጠሉን ጠርገን አነደድን፤ በመጨረሻም ሥሩን ቈፈርን። ተማሪ ሳለን መምህሮቻችን ወደ ተራራ እያወጡ ችግኝ ያስተክሉን ነበር። ጥዱን አባጨጓሬ ሲበላው ደግሞ በእንጨት መቆንጠጫ እየለቀምን ጣሳ ሙሉ እንድናመጣ እንታዘዝ ነበር። ሌሊት ሌሊት አባጨጓሬ በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር። ነገር ግን ብንተክልም ሰው መልሶ ይቈርጠው ነበር። ዛፉ የዳነው ምድጃችን በተለወጠ ጊዜ ነው። ከድንጋይ ከሰል ዱቄት የተጋገረ ክብ ከሰል በየቤቱ ሲገባ ሰው ተራራውን ለቀቀው።»

ይህን ነገር በኋላ ከመጽሐፍ አመሳከርኩት። የኮሪያ መንግሥት በ1973 ደን ለማልማት የ10 ዓመት ዕቅድ አውጥቶ ሥራው በ1978፥ ከተወሰነለት ጊዜ በፊት ተፈጸመ። ተካዩ በየመንደሩ ያለው ሕዝብና ተማሪው ነበር። ዛሬ ከደቡብ ኮሪያ መሬት ከመቶው እጅ 60 የሚበልጠው በደን የተሸፈነ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በብዙ ገጽ የዘረዘረውን ምክንያት ያቺ አሮጊት በአንድ ቃል ጨርሳው ነበር፦ ምድጃው ተለወጠ።

ልንሄድ ስንነሣ አራት ራስ በቆሎ በወረቀት ጠቅልላ በሲባጎ አሰረችና «ሰዓታችሁ ሲደርስ ትበላላችሁ» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ገንዘቡን ግን ቈጥራ ተቀበለች። ይህም ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ልጇ እንጂ እንደ ብርቅ ነገር አላየችንምና።

ከዚያ መንገዱ ከወንዙ ጋር እየተያያዘ ሽቅብ ይወጣል። በግራና በቀኝ ያለው ዛፍ ከላይ ስለ ተጋጠመ ፀሐይ የምትገባው በወንፊት እንደሚነጠር ዱቄት ነው። በዛፎቹ ላይ የሚኖሩ ትልልቅ ክንፋም ነፍሳት ሳያቋርጡ ይጮኻሉ፤ ጩኸታቸው ከመብዛቱ የተነሣ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር አለበት። ቡናው «ይህ ሁሉ መዘምራን ደመወዝ ማን ይከፍላቸዋል?» ብሎ አሳቀን።

በመንገዱ ላይ የአንዲት ልዕልትና የእባብ ሐውልት አለ። ተረት ወዳዱ ጓደኛችን ይህን ሲጠብቅ ስለ ነበረ ወዲያው ቆሞ ጀመረ። የቻይና ንጉሥ ልጅ የሆነችውን ልዕልት አንድ ተራ ሰው ወደዳት ይላል። ንጉሡ በዚህ ተቈጥቶ አስገደለው። ሟቹ ግን እባብ ሆኖ ተመልሶ ከገላዋ ላይ ተጠመጠመ፤ የሚያላቅቀው ባለ መድኃኒትም ጠፋ። ልዕልቲቱ ከገዳም ወደ ገዳም እየተንከራተተች እዚህ ደረሰች። ከአንድ ዋሻ አድራ በማግሥቱ «ለጥቂት ጊዜ ልቀቀኝ፥ ገዳሙን ተሳልሜ ልመለስ» ብላ እባቡን ለመነችው፤ እርሱም ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ብሎ ለቀቃት። እርሷም ገብታ ታጥባ ለመነኮሳት ልብስ ስትሰፋ ዘገየች። እባቡ ሊፈልጋት ከገዳሙ ደጅ ሲደርስ መብረቅ ወርዶ ገደለው። ልዕልቲቱም አዝና ቀበረችውና ባለ ሦስት ደርብ የድንጋይ ሐውልት አሠራች። ሐውልቱ ዛሬም ከፏፏቴው በላይ ቆሞ ይታያል። ተረት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን «ለጥቂት ጊዜ ልቀቀኝ» የሚለው ቃል ረጅሙን ጓደኛችንን እንደ ነካው ከፊቱ አየሁ።

የዘጠኝ ድምፅ ፏፏቴ የተባለው ውሃ ዘጠኝ ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ዐለት ይወርዳል። ፊታችንን ታጥበን ጥቂት እንደ ሄድን ከአንድ ጸጥ ያለ ኩሬ ደረስን። ይህ ኩሬ ከ900 ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ አንደኛው ጐኑ ከሌላው ሰፋ ያለ፥ በመካከሉም ሦስት ድንጋዮች የተተከሉበት ነው። የተሠራውም የተራራው ጥላ እንዲታይበት ስለ ሆነ የጥላ ኩሬ ይባላል።

ኩሬውን የሠራው ሰው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኘኝ። ገዳሙ በመጀመሪያ የተመሠረተው በ973 ነው። ከዚያ በኋላ ኢ ጃህዮን የሚባል የታላቅ ቤተ ሰብ ልጅ፥ በቤተ መንግሥት ሹመት ያለው ሰው፥ በ1089 ሹመቱን ትቶ ወደዚህ ተራራ መጣ። እስከ ሞተበት እስከ 1125 ድረስ ተራ ልብስ ለብሶ፥ አትክልትና ኩሬ እየሠራ በጸሎት ኖረ። ይህን ስሰማ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነነ የሚባለው የእኛ ዐፄ ካሌብ ትዝ አለኝ። ሃይማኖቱና አገሩ ምንም ቢለያይ፥ ሰው ከክብር ጫፍ ላይ ሆኖ ጸጥታን የሚናፍቅበት ጊዜ በሁሉም ዘንድ አለ።

ቀጥሎ ከገዳሙ ደጅ ደረስን። የቡድሃ ሃይማኖት ወደ ኮሪያ የገባው በ372 ነው። ከ1392 ጀምሮ የነገሡት የጆሶን ነገሥታት ግን የኮንፊሽየስን ትምህርት ስለ መረጡ መነኮሳቱን ተጫኗቸው፤ በዚህም ምክንያት ገዳማቱ ከከተማ ርቀው በተራራ ላይ ጸኑ። ይህንንም ገዳም በ16ኛው መቶ ዓመት ቦኡ የተባለ መነኵሴ አድሶ የአሁኑን ስም ሰጠው። የደጁ ስም ህዌጆን ሙን ነው፤ የሚዞር በር ማለት ሲሆን፥ የፍጥረትን መመላለስ ለማሳሰብ የተሰየመ ነው ይላሉ። ከአያቶቻችን ዘመን ጦርነት የተነሣ ብዙው ሕንጻ ተቃጠለ፤ ዛሬ የሚታዩት አዳራሾች በኋላ የተሠሩ ናቸው። በሩ ግን ተርፎ እስከ ዛሬ አለ። እጄን ከአሮጌው ምሰሶ አጠገብ ይዤ፥ ሳልነካው፥ ለጥቂት ጊዜ ቆምኩ።

ወደ ታላቁ አዳራሽ ስንቀርብ ረጅሙ ጓደኛችን ጫማውን አወለቀ። ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ «ትገባለህ ወይ?» አለኝ።

በዚህ ጊዜ የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ ተሰማኝ። ጓደኛዬም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው መሆኑን አሰብኩ። ጥያቄው የሥርዓት ጥያቄ አልነበረም፤ ብቻውን እንዳይሆን ፈልጎ ነበር። «እኔ በሃይማኖቴ ለምስሉ መስገድ አልችልም፤ ነገር ግን እስክትወጣ ድረስ ከዚሁ ከደጅ ቆሜ ባገሬ ሥርዓት እጸልይልሃለሁ» አልኩት። ጥቂት አሰበና «እንዲያውም ይሻላል፤ በሁለት ወገን ይሆንልኛል» ብሎ ጃንጥላውንና ጫማውን አስያዘኝና ገባ።

እኔም የጫማውን ጥንድ በእጄ እንደ ያዝኩ፥ ፊቴን ወደ ምሥራቅ መልሼ አቡነ ዘበሰማያትን ደገምኩ። አያቴም ወደዚህ አገር ሲሄዱ እናታቸው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲሁ ቆማ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከውስጥ የእንጨት ሙዳዩ ኳ! ኳ! ኳ! እያለ ይሰማ ነበር። ጓደኛዬ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ማንም ምንም አልጠየቀውም። ጫማውን ሰጠሁት፤ አደረገ።

ስድስት ሰዓት አልፎ ስለ ነበረ በቆሎአችንን በላን፤ ሲባጎውን ግን ከኪሴ ከተትኩት። ወዲያው ሰማዩ ጠቈረና ነጐድጓድ ተሰማ። ዝናቡ እንደ አዲስ አበባ ዝናብ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ። ከአንድ ጣራ ሥር ተጠግተን ሳለን አንድ ሽማግሌ መነኵሴ መጥቶ ከእኛ ጋር ቆመ። ቡናው ፔርሙዙን ከፍቶ አንድ ስኒ አቀረበለት። መነኵሴው በሁለት እጁ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ጠጣና «ሌሊት ለጸሎት ሳይረዳኝ አይቀርም» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ረጅሙ ጓደኛችን ወደ ጫፉ ልንወጣ ማሰባችንን ነገረው። የኦቦንግ ጫፍ 779 ሜትር ነው፤ ከጫፉ በታች ያለው ዐለት ደብረ ዳሞን እንደሚወጡ ሰዎች በገመድ ተይዞ የሚወጣ ነው። መነኵሴው ራሱን ነቀነቀ። «ድንጋዩ እንደዚህ ሲርስ እግር አይዝም» አለ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጓደኛችን ወደ ላይ እያየ ቆመ። ወደ ጫፉ ሳይደርስ ወደ ጦር ሰፈር መግባቱ እጅግ ከብዶት ነበር። በሌላ ወገን የመጨረሻዋ ጀልባ አለች፤ የአራታችንም ሕይወት በረጠበ ገመድ ላይ ነው። ከሁላችንም መንገዱን የሚያውቅ እርሱ ስለ ነበረ ውሳኔውን ለእርሱ ተውንለት።

«እስከ ትከሻው ድረስ እንውጣና እንመለስ» አለ በመጨረሻ። ተረት ወዳዱም «የገዳሙ በር እኮ የሚዞር በር ነው፤ መመለስ ነውር አይደለም» ሲለው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ከልቡ ሳቀ። «እሺ፤ ከ18 ወር በኋላ ስመለስ ጫፉ እዚሁ ይጠብቀኛል» አለ።

በጭቃው እየተንሸራተትን ግማሽ ሰዓት ያህል ወጣንና ከተራራው ትከሻ ላይ ደረስን። ደመናው ተገልጦ ሰሜኑ ታየ። ተራራ ከተራራ በኋላ፥ እንደገናም ተራራ፥ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሁሉም አረንጓዴ ነበር። አያቴ የተዋጉት በዚያ ወገን ባሉት ተራሮች ነው። ከአጠገቤ አንድ የፈረንጅ ጥድ ከዐለቱ ዳር ቆሞ ነበር። ቅርፊቱን ዳሰስኩት፤ ሻካራና እርጥብ ነው፤ ሙጫው ከጣቴ ላይ ተጣበቀ። ያን ጊዜ «ወሬ አልፈልግም» ያሉት ትዝ አለኝና የአሮጊቷን ሲባጎ ከኪሴ አወጣሁ። በግንዱ ዙሪያ አዞርኩት፤ ጫፍና ጫፉ የተገናኘበትን ቦታ ረጅሙ ጓደኛችን ቋጠረልኝ። ለምን እንደ ሆነ ስነግረው ቋጠሮውን ደግሞ አጠበቀው።

ቍልቍለቱን እየሮጥን ወረድን። ቡናው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ፔርሙዙ ግን አልተሰበረም። ከወደቡ ስንደርስ የመጨረሻዋ ጀልባ ገመዷን እየፈታች ነበር። ባለ ጀልባው በጭቃ የተለወሰውን ልብሳችንን አይቶ ምንም ሳይናገር እጁን ዘርግቶ አንድ በአንድ ሳበን።

አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ከሻንጣዬ አስቀድሜ ያወጣሁት ሲባጎውን ነው። አያቴ ቋጠሮውን በጣታቸው ፈልገው አገኙ። ከዚያም ሲባጎውን ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ እየለኩ «አንድ... ሁለት... ሁለት ተኩል» ብለው ቈጠሩ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «እንግዲህ ምሽጉም ሞልቷል ማለት ነው» አሉ። ሲባጎውንም ከኪሳቸው ከተቱት፤ እስከ ዛሬም አልመለሱልኝም።

ጓደኞቼ ተማሪዎች፥ ከዚህ ጕዞ የተማርኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ፥ የራሱን ሃይማኖት አጥብቆ የያዘ ሰው የሌላውን ለማክበር አይፈራም። ከደጅ መቆምም ወዳጅነት ይሆናል። ሁለተኛም፥ የተራቈተ ተራራ ለዘለዓለም ተራቍቶ እንዲቀር አልተፈረደበትም። እኛም በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ማለዳ ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው ጐብጠው የሚወርዱትን እናቶች ስናይ የዚያችን አሮጊት ቃል እናስታውስ። ለእነዚህ እናቶች ሌላ ምድጃና ሌላ እንጀራ ካልተገኘላቸው የተከልነው ችግኝ መልሶ ማገዶ ይሆናል። የዚህን መላ ለመፈለግ ሳይንስ የምንማር ልጆች እንበቃለን፤ ወላጆቻችንም ይህን ከእኛ ሊጠብቁ ይገባቸዋል።

ረጅሙ ጓደኛችን ይህን ስጽፍ በጦር ሰፈሩ ይገኛል። እግዚአብሔር በሰላም ይመልሰው። ጫፉ ግን ይጠብቀዋል።